ከሁለቱ አዘጋጁ ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አምሳልን ትተናት የሄድነው ቁስቋም ላይ፣ ከፈረሰው ቤተ መንግሥት መስኮት አጠገብ፣ የአባቷን ካባ ታቅፋ ስትስቅ ነበር። እንኳንም ያኔ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ስጽፈው እኔንም ራሴን ያዞረኝ ነው። ስለዚህ ነባሮቹም አዲስ የመጣችሁም ሰብሰብ በሉና፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንያዘው።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ወሩ ግንቦት። ስለ ድሮ የጎንደር ፍቅር ፊልም የሚያነሡ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። አለቆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ጣጣውም የመጣው ሁለት በመሆናቸው ነው። አንዱ አቶ አለኸኝ ይባላል፤ የወገራ ባላባት ልጅ፣ ባለ ባርኔጣ፣ ባለ ላንድሮቨር። ፈቃዱን ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ያወጣው፣ በቅሎውን የተከራየው፣ ሠራተኛውን የሚያበላው፣ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሱ እያለ የሚሯሯጠው እሱ ነው። ሌላው ቢያዝን ነው። ካሜራው የት ይቁም፣ ተዋናዩ መቼ ይናገር፣ መቼ ዝም ይበል የሚለው እሱ ነው። የጎንደር ሰው ግን ይህን ሁሉ ዝርዝር አልፈለገውም፤ በአፋቸው ለያቸው። ቢያዝን «እንደገና!» የሚለው ሰውዬ ነው፤ አለኸኝ ደግሞ «ይበቃል!» የሚለው።

ስማቸውን ለይቶ የጠራ ግን አልተገኘም። ቢያዝን መጀመሪያ ራሱን «ዳይሬክተር ነኝ» ይል ነበር። ሰው ሁሉ «የየትኛው ትምህርት ቤት?» እያለ ሲያስቸግረው ተወው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም «አዘጋጁ» ሆኑ፤ ከተማውም ተገላገለ።

አምሳል የግራዝማች ወልደኢየሱስ ልጅ ናት። ግራዝማች ለፊልሙ የአያት የቅድመ አያታቸውን ካባና ለምድ ለአቶ አለኸኝ ሲያውሱ «ልብሱ ልጄ ከምታየው ቦታ አይራቅ» ብለው ነበርና፣ በየማለዳው ልብሱን ይዛ ቁስቋም ትወጣለች። በፊልሙ መጨረሻ አንዲት እመቤት በመስኮት ቆማ ወዳጇ ርቆ ሲሄድ ታያለች፤ ፊቷ አይታይም። ቢያዝን አምሳልን አየና «ጀርባሽን ብቻ አበድሪኝ» አላት። ፊት ካልታየ ለቤተ ሰብ ነውር የለውም ብላ ጀርባዋን አበደረች። ልቧ ተከትሎ ሄደ፤ እሱን ማንም አልለመናትም።

ቢያዝን ሽማግሌ ሊልክ ቃል የገባላት ያን ሳቀች ያልኳችሁ ቀን ነው።

*

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አያ አድማሴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ግራዝማች ደጅ ደረሱ። አያ አድማሴ በእናቱ በኩል የቢያዝን አጎት ናቸው። በመንገዱ ሁሉ ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ የልጁን አባት ስም መቼ ይናገሩ? አባቱ አዝማሪ ፋንታሁን ነው፤ ማሲንቆውን ይዞ ያልገባበት የጎንደር ሠርግ የለም፤ የግራዝማች ሠርግ ጭምር። አዝማሪ ሲዘፍን ማን ይጠላዋል? «ልጅዎን ለልጄ» ሲል ነው ፊት የሚጠቁረው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሥራውን በፊት፣ ዘሩን በኋላ ሊናገሩ ተማከሩ። «ዳይሬክተር» የሚለውንም ዘለሉት፤ የየትኛው ትምህርት ቤት ቢባሉ መልስ የላቸውም።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ግራዝማች።

«የመጣንበትን ሳናደርስ አንቀመጥም፣ ግራዝማች» አሉ አያ አድማሴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «አንድ ሸጋ ልጅ አለን። ልጅዎን ለትዳር ብሎ ልኮናል። ሥራውን ያውቁታል፤ ቁስቋም ላይ ያለው የፊልሙ አዘጋጅ…»

ግራዝማች እጃቸውን አነሡ። «አዘጋጁ? በቃ፣ አትድከሙ! ቤቴ ገብቶ ከመሶቤ ቆርሷል። ዘሩንም ያን ጊዜውኑ እስከ ሰባት ቤት ጠይቄ ጨርሻለሁ። ከእኛ ጋር አይነካካም። ሸጋ ሰው ነው። ፈቅጃለሁ!»

አያ አድማሴ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ይሄ ልጅ መቼ ነው እዚህ ቤት ገብቶ የበላው? የፋንታሁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ተጠይቆ እንዴት አለፈ? ግን የተሰጠን ነገር እንደገና መጠየቅ የቢያዝን ሥራ እንጂ የሽማግሌ ሥራ አይደለም። ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውንም ጠጅ ግራ እንደተጋቡ ጠጡ።

የአምሳል እናት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ። ወደ ጓዳ ገብተው የልጃቸውን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አባትሽ ፈቀዱ፣ ልጄ። ለአዘጋጁ ሰጡሽ።»

አባቷ የሚያውቁትን ሁሉ እያወቁ፣ የማሲንቆውን ነገር እንኳ ሳያነሡ፣ እሺ አሉ! ለካ የሰው ልብ አይታወቅም አለች አምሳል በልቧ፤ አባቷን እስከዛሬ ጨካኝ ብላ ማማቷ አሳፈራት፣ እንባዋም መጣ።

*

በማግሥቱ ቢያዝን እመስኮቱ ላይ አቆማት። ከአጎቱ ወሬውን ሰምቷልና ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ካባውን በትከሻዋ ላይ ሲያስተካክል እጁ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

«ምንም ብትሰሚ እንዳትዞሪ፣ አምሳል» አላት ቀስ ብሎ። «ሴትዮዋ ከዞረች ፊልሙ ተበላሸ።»

«አልዞርም።»

ካሜራው መሽከርከር ጀመረ። ከታች መንገዱ ይታያል፤ ባለፈረሱ ወዳጅ እየራቀ ነው። በዚህ መካከል ከኋላዋ የበቅሎ ኮቴ ሰማች፤ ከዚያም የአባቷን ድምፅ።

«ልጄ! ና እስቲ ልሳምህ፣ ልጄ!»

ሰላምታው፣ ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙ፣ «ሽማግሌዎችህ ሸጋ ሰዎች ናቸው» መባሉ፣ ሁሉም ለጆሮዋ ደረሰ። አባቷ፣ ግራዝማች ወልደኢየሱስ፣ የአዝማሪ ፋንታሁንን ልጅ በሰው ፊት «ልጄ» ብለው ሲስሙት! መዞር አማራት፤ አልዞረችም። ማንም ለማያየው ሰማይ ፈገግ አለች።

«እንደገና!» አለ ቢያዝን።

ድምፁ እንግዳ ሆነባት። ባለፈረሱ ተመልሶ መጣ፤ ሄደም። «እንደገና!» አሁንም ሄደ። «እንደገና!» ፈረሱ አላበው፣ ባለፈረሱ አጉረመረመ፣ የአምሳል እግር ዛለ። ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት። ጀርባ ምን ሊያጠፋ ይችላል?

«ይበቃል!» አለ አለኸኝ በመጨረሻ። «ፈረሱን ገደልከው እኮ!»

ያኔ ዞረች። አባቷ በቅሎአቸው ላይ ሆነው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ቢያዝን ካሜራው አጠገብ ቆሟል፤ ከጠዋቱ ፊት የቀረ ነገር የለም። ሮጣ ሄደችና «ምነው? ምን ሆንክ?» አለችው።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወይዘሪት» አላት። «አባትዎ ጥሩ ሰው መርጠዋል። እርስዎም።»

ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ጥሩ ሰው መርጠዋል ማለት ራሱን ማወደሱ ነው? ወይስ ማሾፉ? አምሳል ነገሩን አገላብጣ አገላብጣ አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቱ ብሏታል። እስከዛሬ «አንቺ» ሲላት የኖረው አፍ፣ እንደ ማንም የሰው ልጅ አንቱ አላት። ስድብ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

*

ልብሱን አጣጥፋ ስትወርድ አቶ አለኸኝ ማኪናውን አቁሞ ጠበቃት። የፊተኛውን በር ከፈተላት፤ እንደ ሁልጊዜው ለካባውና ለለምዱ የኋላውን ወንበር በጨርቅ ጠርጎ። ሞተሩን ግን አላስነሣም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክረዋል።

«ወይዘሪት አምሳል፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። አባትዎ ዛሬ ልጄ አሉኝ። ሳሙኝ። ሽማግሌዎችህ ሸጋ ናቸው አሉኝ።»

አምሳል ቀና አለች። «እርስዎን ነው የሳሙት?»

«እኔን ነዋ! እኔ ግን ሽማግሌ አልላክሁም።» ባርኔጣውን አቆመው። «ልልክ አስቤ አላውቅም ብል ግን ውሸት ነው። ልብሱን ልዋስ ቤታችሁ የመጣሁ ቀን፣ ካባውን አጣጥፈው ሲያስረክቡኝ፣ ‹እንዳታበላሹት› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው የምቸኩለው ለሥራው ብቻ አይደለም። ድፍረቱ ግን ጠፋኝ። ዛሬ አባትዎ ሲስሙኝ፣ ያላልኩትን እግዜር ራሱ ያለልኝ መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን?»

ምስኪን! ፊቱ ላይ ያለው ተስፋ ዓይን የሚያስጨፍን ነበር። አምሳል መስኮቱን አየች፣ ለምዱን አየች፣ እጇን አየች። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባት። ቢያዝን ከጀርባዋ ሆኖ ያየውን፣ እሷ ግን ዞራ ያላየችውን።

«ተሳስተናል፣ አቶ አለኸኝ» አለች። «ሁላችንም።»

እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቃትም፤ ሞተሩን አስነሣና ነዳ። አምሳል አጠገቡ ተቀምጣ፣ ለማትወደው ሰው ይህን ያህል ማዘኗ ምን እንደሆነ አልገባትም።

*

ግራዝማች በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አምሳል እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባባ፣ እኔን የሰጡኝ ለማን ነው?»

«ምነው ልጄ? ለአዘጋጁ ነዋ።»

«ለየትኛው?»

«አዘጋጅ ስንት ነው?» አሉ እየሳቁ።

«ሁለት ነው፣ አባባ።»

ሳቁ ቀነሰ። አምሳል እንዴት እንደምታስረዳ አሰበች። የካሜራ ሥራ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አንድም ቀን አልቀሩም።

«ደብሩ ውስጥ ገበዝ አለ አይደለም? ጧፉን፣ ዕጣኑን፣ መጋረጃውን የሚያሟላ፤ ጣራው ቢያፈስ የሚሯሯጥ። መሪጌታ ደግሞ አለ። ማሕሌቱን የሚመራው፣ የተሳሳተውን የሚያርመው፣ ዜማው ካልጣመው አንሡት የሚለው። ገበዝ ባይኖር በጨለማ ነው፤ መሪጌታ ባይኖር ጧፉ ለምን ይበራል? ሁለቱንም በአንድ ስም ቢጠሯቸው ማንን ጠሩ?»

ግራዝማች ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። «አለኸኝ የትኛው ነው?»

«ገበዙ።»

«ሽማግሌ የላከው?»

«መሪጌታው። ቢያዝን።»

«የማን ልጅ?»

ድምፅዋ ወረደ። «የፋንታሁን።»

«ፋንታሁን ማሲንቆ?» ግራዝማች ብድግ አሉ። «በሥላሴ! በእኔ ሠርግ ‹ሙሽራው ቀና በል› እያለ የዘፈነው ፋንታሁን? ይኸማ አይሆንም! እኔ ቃሌን የሰጠሁት ለዚያኛው ነው፤ ስሜዋለሁም።»

«እርስዎ ቃልዎን የሰጡት ሽማግሌዎቹ ለጠሩት ነው።»

«እነሱ የጠሩት አዘጋጁን ነው! እኔም የሰጠሁት ለአዘጋጁ ነው!» በረንዳውን ወዲያ ወዲህ አሉበት። ነገሩ እሳቸውንም እንዳምታታቸው ከእርምጃቸው ይታወቃል። «ነገ ቁስቋም እወጣለሁ። ከሁለታችሁ አዘጋጁ ማን ነው ብዬ በሰው ፊት እጠይቃለሁ። የሆነው ይሁን፣ እሱን ታገቢያለሽ። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች አምሳል፤ እንባዋ እየወረደ። «የወለዱት ግን እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ግራዝማች አላዩዋትም። በረንዳው ላይ ቆመው የአንገረብን ወንዝ ገደል ሲያዩ ቆዩ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻለችም።

*

ማግሥቱ ደመና ነበር። አንድ ሥራ ብቻ ቀርቷል፤ ያው መስኮት፣ ያው ጀርባ። ሰማዩ ሳይቀደድ ሊያነሡት ሲጣደፉ ግራዝማች ከአያ አድማሴ ጋር ደረሱ። ሠራተኛው ሁሉ ቆመ። አምሳል ካባውን ለብሳ መስኮቱ ሥር ነበረች፤ ዛሬ ግን ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዙራለች።

«ሁለታችሁም ቅረቡ» አሉ ግራዝማች። «ልጄን ለአዘጋጁ ሰጥቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ንገሩኝ፤ አዘጋጁ ማን ነው?»

ቢያዝን ትናንት ያየውንና አሁን የሚሰማውን ማገናኘት አቃተው፤ መጀመሪያ ግራዝማችን አየ፣ ከዚያ አጎቱን፣ ከዚያ አምሳልን። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ያኔ ነው ትናንት ያላትን «እርስዎ» ሊውጠው የፈለገው።

«የላክሁት እኔ ነኝ፣ ግራዝማች» አለ ወደ ፊት ወጥቶ።

«ያን አልጠየቅሁም! አዘጋጁ ማን ነው?»

ቢያዝን አለኸኝን አየ። ነኝ ማለት ይችል ነበር። ግን ሠራተኛው ሁሉ የአለኸኝን እንጀራ በልቷል፤ እሱ ፀሐይ ሲጠብቅ አለኸኝ ደጅ ሲጠና ነው የከረመው። ያለዚህ ሰው አንድ ሥዕል አይነሣም ነበር። ይህን እያወቀ «ነኝ» ማለት አልሆነለትም። ዝም አለ።

ግራዝማች የዚህን ዝምታ ትርጉም ያወቁ መሰላቸው። «በል አንተ ተናገር፣ ልጄ» አሉ ወደ አለኸኝ ዞረው።

አለኸኝ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅበት፤ ቢላት ውሸት አይሆንም። አምሳልን አያት። እሷም አየችው። ዓይኗ አልለመነውም፣ አልሸሸውምም፤ ዝም ብሎ አዘነለት። ያ ማዘኗ ነው ነገሩን የጨረሰው።

«እኔ ደጋሽ ነኝ፣ ግራዝማች» አለ። «እህል የማስፈጨው፣ ድንኳን የማስተክለው። ድግሱ የኔ ነው፤ ሙሽራው ግን እኔ አይደለሁም።» ባርኔጣውን መልሶ ደፋው። «አዘጋጁ እሱ ነው።»

ግራዝማች የሚሸሹበት ጠፋቸው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቢያዝንን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት፤ የተቆጡ መሰሉ፣ ከዚያ የተጨነቁ መሰሉ፣ ከዚያ በቃ ያረጁ አባት መሰሉ።

«አባትህ በሠርጌ ማሲንቆ መትቷል» አሉት።

«አውቃለሁ፣ ግራዝማች።»

«በልጄ ሠርግ አይመታም።» ድምፃቸው ለዘበ። «ከጎኔ ተቀምጦ ይበላል። ሌላ አዝማሪ ይፈለግ።»

አያ አድማሴ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ቢያዝን የግራዝማችን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ አምሳል ግንቡን ተደገፈች። ይህ ሁሉ ሲሆን አለኸኝ ወደ ሰማዩ እያየ ነበር።

«ዝናቡ ሳይቀድማችሁ አንሡት» አለ። «እኔ ወርጄ በቅሎዎቹን ላሰናብት።»

ካጠገቧ ሲያልፍ ቆመ። የካባው ጫፍ አፈር ነክቶ ነበር፤ አንሥቶ አራገፈው።

«እንዳታበላሺው» አላት። «ደስ ይበልሽ፣ አምሳል።»

ሄደ። አምሳል የሰማችው ቆይቶ ነው። አንቺ ብሏታል። እስከዛሬ አንድም ቀን አንቱ ከማለት ዝቅ ብሎ የማያውቀው ሰው፣ ሲሰናበታት አንቺ አላት።

ቢያዝን መስኮቱ ላይ አቆማት። «አሁን ምንም ነገር ብትሰሚ…» አለ፤ ድምፁ እየሳቀ እያለቀሰ ነው።

«አልዞርም» አለች።

ካሜራው የሚያየው ጀርባዋንና ሰማዩን ብቻ ነው። ታች ያለውን መንገድ የምታየው እሷ ናት። ላንድሮቨሩ አቧራውን እያስነሣ የቁስቋምን ቁልቁለት ሲወርድ አየች፤ መታጠፊያው ጋ ቀስ አለ፣ የሚቆም መሰለ፣ አልቆመም። የምትወደው ሰው ከኋላዋ አለ፤ በእጇ ገብቷል፤ አባቷ መርቀዋል። ታዲያ ይህ እንባ የማን ነው? ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልትይዘው ብትል እምቢ አላት።

ቢያዝን «እንደገና!» አላለም። ቆሞ ያያታል፤ እንዲህ ያለ ጀርባ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፣ ለማን እንደሚያለቅስም አላወቀም። ካሜራው ይሽከረከራል፤ የዝናቡ ጠብታ ግንቡ ላይ ማረፍ ጀምሯል፤ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ሰው አንድ ቃል እንዲል ይጠብቃል። በካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተናገረም። «ይበቃል!» የሚለው ሰው ወርዶ ሄዷል።